ሳልዋኝ አልመዘገብም

ጥቅምት 9፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ የጻፍሁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ሐይቅ ላይ 1 ሺህ 900 ሜትር በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ዋኝቼ ሳልወጣ ለውድድሩ ምዝገባ የለም። ቀን ጻፍሁበት፤ ፈረምሁበት። ምስክር ይሆኑኝ ዘንድ ለአጎቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይህን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ሕግ ግን ሕግ ነው።

ልመዘገብበት ያሰብሁት ሩዋንዳ ውስጥ፣ ሩባቩ ከተማ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር የሚደረገው የግማሽ አይረንማን፣ ማለትም ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን የሚደረደሩበት፣ ውድድር ነው። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነበር። በስሙ ላይ የተለጠፈው 70.3 የሚባል ቁጥር ጠቅላላ ርቀቱ በማይል ሲቆጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር 113 ኪሎ ሜትር ይሆናል፦ 1.9 ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል፤ ልብስ የሚቀየርበት ደቂቃ እንኳ ይቆጠራል። ሙሉው፣ ማለትም 3.8 ዋና፣ 180 ብስክሌትና በላዩ ላይ ማራቶን፣ ለእኔ ለጊዜው የሌላ ሰው ወሬ ነው።

1 ሰዓት ከ10 ደቂቃውም ከኪሴ ያወጣሁት ቁጥር አይደለም። ከውኃው ለመውጣት የሚሰጠው የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው። የዘገየ ሰው ከቁርጭምጭሚቱ የሰዓት መቁጠሪያውን ፈትቶ ያስረክባል፤ ብስክሌቱን ከቆመበት አያነሣም። ኪጋሊ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ከዚያ በመኪና ተጉዞ፣ ብስክሌቱን ሳይነካ የሚመለስ ሰው መሆን አልፈልግም። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው።

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ወዲያው የተነሣው የሪዮ ኦሊምፒክ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻ ሲሆን አገር ሁሉ ሳቀበት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። የእኔ የማለፊያ ፍጥነት ለ100 ሜትር 3 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነው። እኔ አንዱን መቶ ስጨርስ እርሱ ሦስቱን ጨርሶ አራተኛውን ይዟል። በዚህ ደብተር ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጥቅምት 23፣ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ የከተማውም የውኃውም ስም ስለሆነ ሚኒባስ ላይ «ሐይቅ ነው የምወርደው» ስትል የትኛው እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔ የምወርደው ውኃው ውስጥ ነው።

ዋና የተማርሁት በ35 ዓመቴ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለች 15 ሜትር በማትሞላ ገንዳ ነው። ገንዳ ያታልላል። ሲደክምህ ትቆማለህ፤ ታች ሰማያዊ ንጣፍ አለ፤ ግድግዳው በየአሥራ አምስት እጅ መምቻው ያሳርፍሃል። እዚህ ግን ፊቴን ስነክር አረንጓዴ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ከእርሱ በታች ጨለማ አለ። መካከሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል ይባላል። ይህን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ለሚዋኝ ሰው ሦስት ሜትርም ሰማንያም አንድ መሆኑን ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እግሬ ግን አልሰማም፤ ወደ ታች መሬት ይፈልጋል፤ እግር ሲወርድ ደግሞ ሰውነት እንደ መልሕቅ ይሆናል።

መጀመሪያ ርቀቱን ለካሁ። ዳር ካለችው ትልቅ ዋርካ እስከ ሸምበቆው መታጠፊያ በስልክ ስለካው 380 ሜትር ሆነ። አምስት ጊዜ ሲባዛ ልክ 1 ሺህ 900 ይሆናል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ደስ ይለኛል። ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተነጋግሬ በታንኳው ከጎኔ እንዲቀዝፍ ተስማማን። ዋጋውን ሲተምን በዓሣ ነበር ያሰበው፤ ቆሮሶ ሊያጠምድበት የሚችለውን ጠዋት ገዛሁት ማለት ነው።

የተማርሁት አዲስ ነገር፦ ውኃው ላይ መስመር የለም። ቀጥ ብዬ የሄድሁ ሲመስለኝ ወደ ግራ እዞራለሁ፤ ቀኝ እጄ ስለሚበረታ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሁለት ጊዜ በመቅዘፊያው ትከሻዬን ነክቶ መለሰኝ። መፍትሔው በየስምንት ምቱ እንደ አዞ ዓይንን ብቻ ብቅ አድርጎ አንድ ቋሚ ነገር ማየት ነው። እኔ የመረጥሁት የሐይቅ እስጢፋኖስን ዛፎች ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ያቀኑበት ያ ደን ከውኃው በላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጉም ባለበት ጠዋት እንኳ አይጠፋም። መነኮሳቱ በዚያ በኩል እያስቀደሱ እኔ በዚህ በኩል ውኃ እወቅጣለሁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው ተረት ከዛሬ በፊት እንዲህ ቃል በቃል ደርሶብኝ አያውቅም።

ውጤት፦ ሁለት ዙር፣ 760 ሜትር፣ 38 ደቂቃ። ከዚያ የታንኳውን ጠርዝ ይዤ ተንጠለጠልሁ። «አብሽር» አለኝ ዓሣ አጥማጁ። «ሐይቁ የትም አይሄድም።»

ማስታወሻ ለራሴ፦ ሐኪም ቤት የሚያውቀኝ ሐኪም ሸምበቆና ሣር ካለበት ዳር እንዳልገባና እንዳልወጣ መክሮኛል፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። መግቢያዬን ድንጋያማው ቦታ ላይ አድርጌአለሁ። ከሦስት ወር በኋላ እመረመራለሁ።

ኅዳር 6፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል

ብስክሌቴ አሮጌ ኮርሳ ናት። ካቴናዋ አዲስ፣ ፍሬኗ ደህና፣ ኮርቻዋ የሌላ ሰው ቅርጽ ያላት። ዛሬ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣሁባት። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ዶሮ መዝለያ ጥምዝምዙ ላይ ስትደርስ ስሙን ያወጣው ሰው ሳይስቅ እንዳልቀረ ትገምታለህ። ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እንሳብህ?» አለኝ። ከልቡ ነበር።

ችግሩ እግሬ አይደለም፤ ጥርስ ነው። የኋላው ትልቁ ማርሽ 23 ጥርስ ብቻ ነው፤ ከፊት ያለው ትንሹ 39። በዚህ ጥምርታ ዳገት ላይ ፔዳሉን በደቂቃ አርባ ጊዜ እንኳ ማዞር አልቻልሁም፤ ጉልበቴ ይጮኻል። ባለ 28 ጥርስ ያስፈልገኛል። ኮምቦልቻም ደሴም ጠየቅሁ፤ ያለው የተራራ ብስክሌት ማርሽ ነው፤ ለእኔ አይገጥምም። ስለዚህ ብስክሌቷ አዲስ አበባ መሄድ አለባት።

መውረዱ ሌላ ታሪክ ነው። ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ሰማይ። የቦርከና ሸለቆ ፊት ለፊት ተዘርግቶ፣ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ እያብለጨለጨ፣ ዓይኔ በነፋስ እያነባ።

ሩጫውን በተመለከተ የምጽፈው የለኝም። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። ይበቃል።

ኅዳር 27፣ ብየዳ ቤት

ብስክሌቷን ወደ አዲስ አበባ እንዴት? አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከበግና ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አንድ ጊዜ ጭኛት የኋላ ቸርኬዋ እንደ እንጀራ ተጣጥፎ ደርሷል። አጎቴ ደግሞ ለአንድ የቤተሰብ ጉዳይ በጥር አዲስ አበባ ይሄዳሉ። መኪናቸው ቶዮታ ዲ ኤክስ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። አሮጌ መኪና አንድ በጎ ነገር አላት፦ ጣሪያዋ ግራና ቀኝ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ አለው፤ ጣሪያ ላይ የሚታሰረው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላ፣ የሚነክሰው ያንን ነው። የዛሬ መኪኖች ጣሪያቸው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

ፖርቶ መጋላውን ራሳችን ልንሠራው ነው። እኔ በሙያዬ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት መቁረጥ እችላለሁ፤ ብየዳ ግን የጓደኛዬ ነው። የገዛነው፦ 30 በ30 ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር፤ ለእግሮቹ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ፤ ባለ 8 ቡሎን ከነዳዶው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት አግዳሚ ቱቦላሬ፣ አራት እግር። ብስክሌቷ የፊት ጎማዋ ይወልቅና ሹካዋ በመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ይታሰራል፤ የኋላ ጎማዋ ከላሜራ በታጠፈ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ሹካዋን የሚይዘው አንድ ቁራጭ ቱቦ ነው፤ በውስጡ ብሎን ያልፋል፤ ግራና ቀኝ በዳዶ ይጠብቃል። በሹካው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ቸኩዬ 98 ቆረጥሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? ዳዶው ሲጠብቅ ሹካው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በዓይኔ አየሁት። ፈትቼ ጣልሁትና እንደገና ቶርኖ ላይ አስገብቼ ልክ መቶ አደረግሁት። ሥራዬ ነው ብሎ የሚኮራ ሰው እንዲህ ይዋረዳል።

ጓደኛዬም አልዳነም። የመጀመሪያውን ነጥብ ሲበይድ ቱቦላሬው ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፤ ስስ ብረት ነው፤ እሳቱን ለወፍራም በር እንደሚያደርገው ለቆበት ነበር። ኤሌክትሮዱን ወደ 2.5 ቀይሮ፣ ኃይሉን ቀንሶ፣ ነጥብ በነጥብ እያቀዘቀዘ ሄደ። የተበሳውን ለመሙላት ከአዲሱ ሥራ በላይ ጊዜ ወሰደ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፤ የማንን መቸኮል መናገሩ እንደነበረ ግልጽ አይደለም።

እግሮቹ ቦዩን እንዳይቧጭሩ የውስጡን በአሮጌ ካላማዳሪያ አለበስነው። ፀረ ዝገት ቀለም ቀባነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ነክቼው የጣቴ አሻራ በላዩ ቀርቷል።

ታኅሣሥ 2

የሙከራ ጉዞ፣ ከአጎቴ ጋር፣ እስከ ሐርቡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ ጣሪያው መዝፈን ጀመረ። ከልቤ ነው፤ እንደ ዋሽንት ነው የሚጮኸው። አጎቴ ሬዲዮውን ዘጉ፤ ድምፁ ቀጠለ። ቆመን ስናይ የቱቦላሬዎቹ ጫፍ ክፍት ነው፤ ነፋስ ሲያልፍበት ያፏጫል። አራት የባሕር ዛፍ ቁራጭ ጠርቤ ወተፍሁት። ፀጥ አለ። «ባይሆን ዜማው ጥሩ ነበር» አሉ አጎቴ።

ታኅሣሥ 13፣ ኮምቦልቻ

የምዝገባው ክፍያ በኢንተርኔት፣ በዶላር ነው። እኔ ያለኝ ብር ነው፤ እርሱም ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ሆኖ። ለጉዞ የሚሰጥ የውጭ ምንዛሪ ካርድ እንዳለ ሰምቼ አንድ ባንክ ሄድሁ። ፓስፖርት ጠየቁኝ፤ አለኝ። የአውሮፕላን ትኬት ጠየቁኝ። ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ለውድድር አልሁ። የውድድሩን የምዝገባ ማረጋገጫ ጠየቁኝ። ለመመዝገብ ካርዱ ያስፈልገኛል፤ ካርዱን ለማግኘት ምዝገባው ያስፈልገኛል። ልጅቷ ራሷ ሳቀች። ከሁለት መስኮትና ከአንድ የኃላፊ ቢሮ በኋላ በትኬቱ ብቻ እንዲያልፍ ተስማሙ፤ ካርዱ ግን አዲስ አበባ፣ ጥር 16፣ በአካል ቀርቤ ፈርሜ የምወስደው ነው።

ስለዚህ ወንበር አስያዝሁ። በሕጌ መሠረት መዋኘት ሳልችል የመብረሪያ ወንበር ተያዘልኝ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ደብተሩን ብቻ አዩት።

ታኅሣሥ 30፣ ሐይቅ

ትናንት ገና ነበር፤ ዛሬ በዶሮ ወጥ ተሞልቼ ፈተናዬን ተፈተንሁ። ጥሩ ምርጫ አልነበረም።

ከንጋቱ 1 ሰዓት ገባሁ። ነፋስ ከረፋዱ በኋላ ስለሚነሣ ከዚያ በፊት መጨረስ ያስፈልጋል። ብርዱ አጥንት ይነካል፤ የዋና ልብስ የሚባለው ባለ ላስቲክ ጨርቅ የለኝም። ውድድሩ ላይ የውኃው ሙቀት ከ24.5 ዲግሪ ካልበለጠ መልበስ ይፈቀዳል፤ ሰውን ስለሚያንሳፍፍ ደካማ ዋናተኛ ይወደዋል። እኔ እስካሁን የሚያንሳፍፈኝ ፍርሃት ነው።

አንደኛው ዙር 13 ደቂቃ፤ እጅግ ጥሩ። ሁለተኛው 14። ሦስተኛው 15 ሆነ። አራተኛው ላይ የሆነ ነገር ተፈጠረ፤ ድካም አይደለም፤ አእምሮዬ ወጥቶ ሄደ። ስለ ባንኩ ማሰብ ጀመርሁ፤ እጄ ብቻ ይመታ ነበር። 18 ደቂቃ። አምስተኛውን ነቅቼ 16 አደረግሁት።

ድምር፦ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ።

ለስድስት ደቂቃ ወደቅሁ። በሌላ በኩል 1 ሺህ 900 ሜትር ሙሉውን፣ ታንኳ ሳልነካ ዋኘሁ፤ በጥቅምት ግማሹን እንኳ አልጨረስሁም ነበር። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ በሶ በጥብጬ ጠጣሁና የትኛውን ልጻፍ ብዬ አሰብሁ። ሁለቱንም ጻፍሁ።

ማታ ለአጎቴ፦ «እንግዲህ ሕጉ እንደሚለው ምዝገባ የለም» አልኋቸው። «ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ» አሉኝ። «መኪናው ግን የእኔ ነው። ጥር 15 ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣል። ከነብስክሌትህ ወይም ያለ ብስክሌትህ።» ከዚያ ወደ መኝታቸው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው፦ «ያ ሐይቅ ለአንተ ጥሩ መደበቂያ ሆኗል» አሉ። ይህን ነገር ሁለት ቀን አኮረፍሁበት።

ጥር 15፣ መንገድ

መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ማታውኑ ጠይቀን መንገዱ ሰላም ነው አሉን፤ በዚህ ዘመን ከነዳጅ በፊት የሚጠየቀው ያ ነው። 11 ሰዓት ላይ በጨለማ ወጣን። ብስክሌቷ ከላይ፣ የፊት ጎማዋ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ፣ እናቴ የቋጠረችው ጭኮ ጉልበቴ ላይ።

ሐርቡን አልፈን ጨፋ ሜዳ ላይ ነጋ። ከብት፣ ጭስ፣ ረግረግ ላይ የቆሙ ነጫጭ ወፎች። ከሚሴ ሻይ ጠጣን። ከኮምቦልቻ እስከዚህ ያለው መንገድ ለብስክሌት የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ደርሶ መልሱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የ90ውን ልምምድ የማደርገው እዚህ እንደሚሆን ወሰንሁ። ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ እየተባለ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ሹራብ አስወለቀን።

አጎቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲነዱ ቆይተው «ይህን ነገር የጀመረው ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ሃዋይ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስ ከጓደኞቹ ጋር ሯጭ ይበልጣል ወይስ ዋናተኛ እያሉ ሲከራከሩ፣ እዚያ ደሴት ላይ የነበሩትን የዋና፣ የብስክሌትና የማራቶን ውድድሮች በአንድ ቀን እንደርድራቸው አለ። በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. አሥራ አምስት ሰዎች ጀመሩት፤ አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር የተባለ ሰው ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አሸነፈ።

አጎቴ ለጥቂት ኪሎ ሜትር አሰቡበት። «መኮንኑ ሥራ አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«እነዚያ አሥራ አምስቱስ፣ ከመጀመራቸው በፊት ሐይቅ ላይ ተፈትነው ነበር?»

መስኮቱን ከፍቼ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ ሽቅብ ብቻ ነው። ከ1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3 ሺህ ያልፋል። ዲ ኤክሷ ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ ገባ፤ ራዲያተሩ ማፏጨት ጀመረ። ከተማዋ ጠርዝ ላይ አቆምን። ቆሎ ሻጮቹ ወዲያው ከበቡን፤ ክዳኑን የምንከፍት መስሏት አንዲቷ ልጅ «አሁን እንዳትከፍቱት፣ ፊታችሁን ያቃጥላችኋል» ብላ መከረችን። በቀን ስንት የፈላ መኪና እንደምታይ እግዜር ይወቀው። ቆሎ ገዛናትና ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።

እያኘክሁ ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። የግራ የፊት እግር ከቦዩ ሁለት ጣት ያህል ተነሥቶ በአየር ላይ ነው። ዳዶው ተፈትቶ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ተንጠልጥሏል። ዳዶው እንዳይፈታ ከሥሩ የሚገባውን ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አላደረግሁም ነበር! የቶርኖ ሠራተኛ ሆኜ፣ በየቀኑ ለሰው «ንዝረት ያለበት ቦታ ያለ ስፕሪንግ ሮንዴላ አትሰሩ» እያልሁ። ራዲያተሩ ባይፈላ ኖሮ የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ብስክሌቷ መንገድ ላይ ትቀር ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ ነዳጅ የጫነ መኪና ነበር። ከአንድ ጎሚስታ ስምንት ሮንዴላና አራት ተጨማሪ ዳዶ ለመንሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ። እያንዳንዱ ቡሎን ላይ ሁለት ዳዶ አቆላልፌ አሰርሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክንገባ አልተነቃነቀም።

ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስንወጣ ጉም ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ፀሐይና የሚቆርጥ ነፋስ። አጎቴ ዙሁርን ሰግደው እስኪመለሱ ብስክሌቷን አውርጄ ሜዳው ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ነዳሁ። 2 ሺህ 800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሜዳው ግን ለጥ ያለ ነው። ለአንድ አፍታ ጎበዝ መሰልሁ።

ጥር 16 እና 17፣ አዲስ አበባ

ካርዱን ወሰድሁ። ማርሹን ከጠየቅሁት ዋጋ በላይ ከፍዬ አስቀየርሁ፦ ባለ 28 ጥርስ፣ ያገለገለ፣ ጥርሱ ያልበላ። ስለ ማርሹ ሌላ የሚባል የለም።

ማታ እህቴ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን፤ እህቴ፣ አጎቴ፣ እኔ። ደብተሩን ከጎኔ አደረግሁ። ቅጹ ላይ የዋና ሰዓት ሲጠየቅ ምን እንደምጽፍ መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ፤ 1 ሰዓት ከ16 ብዬ እውነቱን እጽፋለሁ፤ አንቀበልህም ካሉኝም ተገላገልሁ።

ስም እንደ ፓስፖርቱ። የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር። የዕድሜ ምድብ ራሱ አወጣልኝ፦ ከ35 እስከ 39። ዜግነት። በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው፤ የአጎቴን ስልክ ሰጠሁ። ከዚያ ረጅም የኃላፊነት ውል፤ እህቴ እየተረጎመች ስታነብ ሞት የሚለው ቃል ደጋግሞ መጣ። «ይህ ልጅ ለመሞት ነው ገንዘብ የሚከፍለው?» አሉ አጎቴ። ተስማምቻለሁ የሚለውን ነካሁ። ቀጣዩ ገጽ የሸሚዝ መጠን ጠየቀ፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።

ከዚያ ክፍያ።

ወደ ኋላ ተመለስሁ። ገጽ በገጽ አየሁት። የዋና ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለም። መዋኘት ትችላለህ ወይ የሚል ጥያቄ እንኳ የለም። ሦስት ወር ሙሉ በር ላይ ዘብ ቆሜ የጠበቅሁት ጥያቄ አልነበረም። አጎቴ ዓይኔን ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ፤ ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ሻያቸውን አነሡ።

መካከለኛ አልሁ። ካርዱ በመጀመሪያው ሙከራ እምቢ አለ፤ የኢንተርኔት ክፍያው አልተከፈተም ነበር። በማግሥቱ ባንኩ ሄጄ አስከፈትሁት። ጥር 17፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20፣ ማረጋገጫው መጣ። እህቴ መሥሪያ ቤቷ አትማ አመጣችልኝ። ሁለት ገጽ ነው፤ የውድድሩ ደንብ አብሮ አለ፦ የራስ ቁር ሳይታሰር ብስክሌት አይነካም፤ ከፊት ካለው ሰው ጀርባ 12 ሜትር ውስጥ ተለጥፎ መንዳት ክልክል ነው።

ጥር 19፣ ኮምቦልቻ

ተመለስን። ቡሎኖቹን በየከተማው ፈተሽሁ፤ ከሚሴ ላይ አጎቴ «ተዋቸው፣ አፈሩ» አሉኝ። ዲ ኤክሷ ቁልቁለቱን ስለወደደች አልፈላችም።

የካቲት 3፣ ሐይቅ

በአዲሱ ማርሽ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣሁ፤ ጉልበቴ ዝም አለ። በማግሥቱ ሐይቅ ገባሁ።

13፣ 14፣ 14፣ 16፣ 15። ድምር 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። አሁንም አራተኛው ነው የሚበላኝ። ዛሬ ስለ ባንክ አላሰብሁም፤ ስለ ኪቩ ነበር። በጥልቁ ውስጥ ሚቴን ጋዝ የተሟሟበት ሐይቅ መሆኑን፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ እናቴ ከየት እንደሆነ አላውቅም ሰምታ ትናንት ማታ ልታስቀረኝ ምንም አልቀራት። ቀጣዩ ሥራ አራተኛው ዙር ላይ ምት መቁጠር ነው፤ እየቆጠረ የሚዋኝ ሰው ሌላ ነገር ለማሰብ አይመቸውም።

ዳር ስደርስ ዓሣ አጥማጁ ሰዓቱን ጠየቀኝ። ነገርሁት። ያንን ሕግ በጥቅምት ነግሬው ስለነበር አዘነልኝ። «እንግዲያው ዘንድሮም አልተመዘገብህም» አለ።

ተመዝግቤአለሁ አልሁት።

መቅዘፊያውን ታንኳው ውስጥ አስቀምጦ ትንሽ አየኝ። «ታዲያ ነገም ትመጣለህ?»

ነገ ሥራ አለኝ። እሑድ አልሁት፤ ከንጋቱ 1 ሰዓት።